የሸክላ ነጋዴዎች መጽሔቶች እንደ ታሪክ ምንጭ፦ ከ«ፎኖግራም» እስከ «ቶኪንግ ማሽን ወርልድ»

የተቀዳ ድምፅን ታሪክ የሚያጠና ተመራማሪ ብዙውን ጊዜ ከሸክላው ይነሣል። ማን ዘፈነው፣ የትኛው ኩባንያ አወጣው፣ ተራ ቁጥሩ ስንት ነው የሚሉት ጥያቄዎች በሸክላው መካከል ከተለጠፈው ክብ ወረቀት ላይ ቢያንስ በከፊል መልስ ያገኛሉ። ሸክላው ዝም የሚለው ስለ ሻጩና ስለ ገዢው ሲጠየቅ ነው። በስንት ተሸጠ? ለማን? ሻጩ ዕቃውን ምን ብሎ አስተዋወቀው? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚፈለገው የዘርፉ ነጋዴዎች እርስ በርሳቸው ይነጋገሩባቸው ከነበሩት የንግድ መጽሔቶች ነው።

ይህ አጭር ጽሑፍ ከ1891 እስከ 1929 ባለው ጊዜ ውስጥ በኒው ዮርክ ይታተሙ የነበሩ ሦስት መጽሔቶችን በታሪክ ምንጭነታቸው ይመረምራል። (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) እነዚህ መጽሔቶች በሙዚቃ ታሪክ ጥናቶች ውስጥ ገበያውን እንደወረደ የሚያሳዩ ምስክሮች ተደርገው ሲጠቀሱ ይታያል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ከዚህ ይለያል። በርእሰ አንቀጾቻቸውና በዋና ጽሑፎቻቸው የምናነበው በአብዛኛው አዘጋጆቹ ገበያው እንዲሆን ይመኙት የነበረውን ሲሆን፣ ገበያው በርግጥ ወዴት ያመራ እንደነበር የሚታየው በማስታወቂያዎቹ፣ በሸክላ ዝርዝሮቹና በኋላ ገጾቹ ላይ ነው። ሁለቱ ሲለያዩ ልዩነቱ ራሱ መረጃ ይሆናል።

ደብዳቤ ይጽፋል የተባለው መሣሪያ

ቶማስ ኤዲሰን ፎኖግራፍን በ1877 ከፈለሰፈ በኋላ በማግስቱ ዓመት «ኖርዝ አሜሪካን ሪቪው» በተባለው መጽሔት ላይ መሣሪያው ምን ምን አገልግሎት ሊሰጥ እንደሚችል ዘርዝሮ ጽፏል። በዝርዝሩ ግንባር ቀደም ሆኖ የቆመው ደብዳቤ መጻፍና ቃል ማስጻፍ ነበር፤ ሙዚቃ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1888 ጄሲ ሊፒንኮት የተባለ የፒትስበርግ ባለሀብት «ኖርዝ አሜሪካን ፎኖግራፍ ኩባንያ»ን ሲያቋቁምም ያሰበው ስለ ቢሮ ነበር። አገሪቱን ለአካባቢ ኩባንያዎች ከፋፈለ፤ መሣሪያውም በዓመት 40 ዶላር እንዲከራይ እንጂ እንዳይሸጥ ተደረገ። ደንበኞቹ ጠበቆች፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊዎችና የንግድ ቤት ኃላፊዎች ይሆናሉ ተብሎ ተገመተ።

ግምቱ አልሠመረም። መሣሪያው ለመያዝ አስቸጋሪ፣ ባትሪው አታካች፣ የአጭር ጽሕፈት ባለሙያዎችም እንጀራቸውን ሊነጥቅ የመጣ ነው ብለው በጥርጣሬ የሚያዩት ነበር። በዚህ መካከል በኅዳር 1889 የሳን ፍራንሲስኮው ሉዊስ ግላስ «ፓሌ ሮያል» በተባለ መጠጥ ቤት ውስጥ አምስት ሳንቲም ሲገባበት የሚያጫውት ፎኖግራፍ አቆመ። ሰዎች የማዳመጫውን ቱቦ ጆሮአቸው ላይ ሰክተው አንድ ዜማ ይሰማሉ። በግንቦት 1890 የአካባቢ ኩባንያዎቹ ቺካጎ ላይ ሲሰበሰቡ ግላስ ይህ የመጀመሪያው መሣሪያ በስድስት ወር ገደማ ውስጥ ከ1,000 ዶላር በላይ እንዳስገባ ለጉባኤው ተናገረ። ከቢሮ የሚገኘው የዓመት ኪራይ 40 ዶላር እንደነበር ያስታውሷል።

«ዘ ፎኖግራም» መታተም የጀመረው ከዚህ ጉባኤ ስምንት ወር በኋላ፣ በጥር 1891 ነው። መጽሔቱ በቪ. ኤች. ማክሬ አዘጋጅነት የፎኖግራፍ ኩባንያዎቹ ልሳን ሆኖ ቀረበ። አንባቢ የግላስን ዜና ይዞ ሲገልጠው የሚጠብቀውንና የሚያገኘውን ማስታረቅ ይቸግረዋል። ዋና ጽሑፎቹ ስለ ቢሮ ናቸው፤ መሣሪያው ጊዜ እንደሚቆጥብ፣ የአጭር ጽሕፈት ባለሙያውን ሥራ እንደማያሳጣው፣ ሰሙ እንዴት እንደሚጸዳ፣ ባትሪው እንዴት እንደሚያዝ ያስረዳሉ። በሳንቲም ስለሚሠራው መሣሪያ የተነሣ እንደሆነ ደግሞ ቃሉ የማስጠንቀቂያ ነው፦ ሕዝቡ ፎኖግራፍን መጫወቻ ብቻ አድርጎ እንዲያይ ያደርጋል፣ በዚህ ትርፍ ብቻ የሚተማመን ኩባንያም ኋላ ይጸጸታል የሚል።

እንግዲህ ከ«ፎኖግራም» ርእሰ አንቀጽ ብቻ ተነሥቶ የ1891 ፎኖግራፍ የቢሮ ዕቃ ነበር ብሎ የሚጽፍ ሰው ይሳሳታል። አዘጋጆቹ ሞኞች ነበሩ የሚለው ፍርድም ትክክል አይደለም። ቃል ማስጻፊያው በኋላ በኮሎምቢያ «ዲክታፎን» እና በኤዲሰን ተመሳሳይ መሣሪያ አማካይነት ለአሥርት ዓመታት የዘለቀ የራሱን ገበያ አግኝቷል። (በድምፅ የሚላክ ደብዳቤ የሚለው የኤዲሰን ሐሳብ እውን ከሆነባቸው ብርቅ አጋጣሚዎች አንዱ የእኛን አገር ይመለከታል። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1898 ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ መልእክታቸውን በሰም ሲሊንደር ቀድተው ልከዋል፤ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱም በዚያው መንገድ መልሰዋል።) መጽሔቱ በርግጥ የሚመሰክረው ስለ አንድ ፍርሃት ነው። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ፈጠራ መጠጥ ቤት ገብቶ ክብሩን እንዳያጣ ይሰጉ ነበር። ሊፒንኮት በ1890 ታሞ ኩባንያውን መምራት ተሳነው፤ «ፎኖግራም» በ1893 ቆመ፤ ኩባንያውም በ1894 ከሰረ።

ዝርዝሩ ምን ይዘረዝራል?

ሁለተኛው መጽሔት «ዘ ፎኖስኮፕ» በኅዳር 1896 ሲወጣ ጠባዩ ፈጽሞ ሌላ ነበር። አዘጋጁ ራስል ሃንቲንግ ተዋናይ ሲሆን፣ ኬሲ ስለተባለ አየርላንዳዊ ስደተኛ የሚያወራቸው አስቂኝ ሲሊንደሮቹ በሳንቲም መሣሪያዎች ላይ እጅግ ተፈላጊ ነበሩ። በዚያው ዓመት በብልግና ሲሊንደሮች ተከስሶ ሦስት ወር ተፈርዶበታል። ስለዚህ የዘርፉን የፊት በርም የጓሮ በርም የሚያውቅ ሰው ነበር ማለት ይቻላል። መጽሔቱ ድምፅንና ተንቀሳቃሽ ሥዕልን በአንድነት ይዞ ስለ መዝናኛ ያለ ሐፍረት ይጽፋል። አዳዲስ ሲሊንደሮችንና ፊልሞችን በየወሩ ይዘረዝራል።

ለተመራማሪ ዋናው ሀብት ይህ ዝርዝር ነው፤ ሆኖም በዘመኑ የነበረውን የአቀዳድ ዘዴ ሳያውቁ መጠቀም አደገኛ ነው። የሰም ሲሊንደርን በቅርጽ ማውጫ አባዝቶ ለገበያ ማቅረብ የተለመደው በ1902 ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ዘፋኙ በብዙ ቀንደ መለከቶች ፊት ቆሞ በአንድ ጊዜ ጥቂት ሲሊንደሮችን ይቀዳል፤ ቀጥሎ ያንኑ ዘፈን እንደገና ይዘፍናል፤ ደግሞ እንደገና። ሌላው አማራጭ የአንዱን ሲሊንደር ጎድጓዳ መስመር በሜካኒካል ክንድ ተከትሎ ወደ ሌላው የሚገለብጥ መሣሪያ ነበር። በባርነት ተወልዶ በመጀመሪያ በስፋት ከታወቁት ጥቁር የሸክላ ድምፃውያን አንዱ የሆነው ጆርጅ ደብሊው ጆንሰን «የሳቅ ዘፈን» የተባለውን ሥራውን በዚህ ሁኔታ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ እንደዘፈነ ይታወቃል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ቀላል አይደለም። በ«ፎኖስኮፕ» ዝርዝር ውስጥ አንድ ርእስና አንድ ስም ስናይ የምናየው አንድን ቅጂ አይደለም። ርእሱ በየጊዜው ለሚታደሱ ብዙ ትርጓሜዎች የወል ስም ነው። ዛሬ በአንድ ቤተ መዛግብት የሚገኝ ሲሊንደር ከዝርዝሩ ጋር በርእስና በዘፋኝ ቢገጥም እንኳ በዝርዝሩ ወር ተቀዳ ለማለት አያስችልም። በማስታወቂያዎቹ ላይ ዘፋኞች «ዋናውን ቅጂ የማወጣው እኔ ነኝ» ሲሉ የሚነበበውም በዚህ ምክንያት ነው። የተገለበጠ ሲሊንደር ዘፋኙን በየድግግሞሹ የሚከፈለውን ገንዘብ ያሳጣዋል፤ የድምፁም ጥራት ይወርዳል። የሸክላ ሕገወጥ ቅጂ ታሪክ ከካሴት ዘመን የጀመረ የሚመስለው አንባቢ እነዚህን ማስታወቂያዎች ቢያይ ይገረማል።

ሻጩን የሚያስተምር መጽሔት

«ዘ ቶኪንግ ማሽን ወርልድ» ከጥር 1905 ጀምሮ በየወሩ በ15ኛው ቀን ይወጣ ነበር። አሳታሚው ኤድዋርድ ላይማን ቢል አስቀድሞም የሙዚቃ መሣሪያ ነጋዴዎችን መጽሔት ያሳትም ስለነበር ሥራውን ጠንቅቆ ያውቃል። የአሜሪካ ሸክላና የማጫወቻ ማሽን ኢንዱስትሪ ምርት ዋጋ በ1914 ከነበረበት 27 ሚሊዮን ዶላር በ1919 ወደ 158 ሚሊዮን ዶላር ሲያሻቅብ መጽሔቱም አብሮ ወፈረ፤ በዚያ ሰሞን አንዱ እትም ከ200 ገጽ ያልፋል። ቀጥተኛ አንባቢው ቸርቻሪው ነው፤ በትንሽ ከተማ አንድ ሱቅ ያለው፣ ትናንት ብስክሌት ወይም ፒያኖ ይሸጥ የነበረ ሰው።

መጽሔቱ ይህን ሰው ምን ምን ያስተምረዋል? ቪክተር ኩባንያ በ1906 መለከቱን በሳጥን ውስጥ የደበቀውን «ቪክትሮላ» በ200 ዶላር ሲያወጣ ዕቃው ከማሽንነት ወደ ሳሎን ዕቃነት ተሸጋገረ። ስለዚህ ሱቁም መለወጥ ነበረበት። የመስኮት አደራደር፣ ድምፅ የማያስወጡ የማዳመጫ ክፍሎች፣ ምንጣፍ፣ የሴት ደንበኞች አቀባበል፣ በየወሩ አዲስ ሸክላ መውጣቱን ለደንበኛ በደብዳቤ ማሳወቅ፣ እነዚህ ሁሉ በየእትሙ ይመለሳሉ። ከዚህ ይልቅ ትኩረቴን የሚስቡት ግን ትንንሾቹ ማስታወቂያዎች ናቸው። የብረት መርፌ አንድ የሸክላ ገጽ ካጫወተ በኋላ መጣል ነበረበት፤ ስለዚህ መርፌ በፓኬት በፓኬት የሚሸጥ፣ ፈጽሞ የማያልቅ ፍላጎት ያለው ዕቃ ነበር። የመርፌ፣ የዋና ሞላ፣ የሸክላ ማስቀመጫ ቁም ሳጥንና የጥገና ዕቃ ማስታወቂያዎች ብዛታቸው ቸርቻሪው ከማሽኑ ሽያጭ በኋላ በምን ይተዳደር እንደነበር ከማንኛውም ርእሰ አንቀጽ ይልቅ ግልጽ ያደርጋሉ።

ስለ ዋጋ የተካሄደው ክርክር ለብቻው መታየት አለበት። ቪክተር ማሽኖቹን ሲያወጣ የመጠቀም ፈቃድ እንደሚሰጥ እንጂ እንደሚሸጥ አይቆጥርም ነበር፤ በፈቃዱ ላይ የተወሰነውን የችርቻሮ ዋጋ ቀንሶ መሸጥም ክልክል ነው። መጽሔቱ የተወሰነ ዋጋን አጥብቆ ይደግፋል። ዋጋ የሚሰብረው ነጋዴ በገጾቹ ላይ የዘርፉ ጠላት ሆኖ ይታያል። በ1917 ግን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ሜሲ በተባለው ታላቅ መደብር ባለቤቶችና በቪክተር መካከል በነበረው ክርክር ይህን የፈቃድ ሥርዓት ተቃውሞ ፈረደ። የመጽሔቱን አቋም ለመመዘን ገቢው ከየት እንደሚመጣ ማየት ይበቃል፤ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ የሚገዙት ትልልቆቹ አምራቾች ናቸው። ትንሹ ቸርቻሪም ከትልልቅ መደብሮች የዋጋ ፉክክር የሚጠብቀው ይኸው የተወሰነ ዋጋ ስለነበር፣ መጽሔቱ የአምራቹን ጥቅም በቸርቻሪው ቋንቋ መናገር ቻለ። ይህ በጣም የተሳካ አጻጻፍ ነው፤ ተመራማሪን የሚያታልለውም ስለተሳካ ነው።

ከኋላ ገጾቹ ሁለት ዓይነት መረጃዎች ደጋግመው ይጠቀሳሉ፤ ለሁለቱም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንደኛው ከኒው ዮርክ ወደብ ወደ ውጭ የተላኩ ዕቃዎች ሰንጠረዥ ነው። ሰንጠረዡ በየመድረሻው ስንት ጥቅል በስንት ዶላር እንደተላከ ይናገራል። ጥቅል ግን ማሽን አይደለም፤ በአንድ ጥቅል ውስጥ አንድ ትልቅ ማሽን ወይም ብዙ ሸክላ ሊኖር ይችላል። በመሆኑም ጥቅልን ወደ ማሽን ቁጥር መለወጥ መሠረት የሌለው ስሌት ነው። ሁለተኛው በቀጣዩ ወር የሚወጡትን ሸክላዎች በየኩባንያው ከነተራ ቁጥራቸው አስቀድሞ የሚያሳውቀው ዝርዝር ነው። የሸክላ ዝርዝር አጥኚዎች ለዘመን መወሰኛ የሚመኩበት ይህን ነው፤ የሚወስነው ግን ዕቃው ለሽያጭ የቀረበበትን ወር ሲሆን የተቀዳበት ቀን ከዚያ ይቀድማል።

ገጽ ያላገኙ ገዢዎች

በዘመኑ ቪክተርና ኮሎምቢያ ለስደተኞች በብዙ ቋንቋዎች ሸክላ ያወጡ ነበር። መጽሔቱም ቸርቻሪውን በሰፈሩ ያሉትን ጣሊያኖች፣ ፖላንዳውያን ወይም አይሁዶች ችላ እንዳይል ይመክራል። ምክሩ ከሰብዓዊነት የመነጨ እንዳይመስለን፤ ኩባንያዎቹ ለእነዚህ ደንበኞች የተለየ ክፍልና የተለየ ካታሎግ ስለነበራቸው ማስታወቂያውም ጽሑፉም ከዚያ ይፈልቅ ነበር።

ጥቁር አሜሪካውያን ገዢዎች ግን እስከ 1920 ድረስ በዚህ መንገድ አልታዩም። በሸክላ ላይ ጥቁር ዘፋኝ አልነበረም ማለት አይደለም፤ ጆንሰንን ጠቅሰናል። የጎደለው ጥቁር ገዢን የሚያስብ ክፍልና ካታሎግ ነበር። በ1916 «ቺካጎ ዲፌንደር» የተባለው የጥቁሮች ጋዜጣ አንባቢዎቹ ማጫወቻ ማሽን እንዳላቸው እንዲያሳውቁት ጠይቋል፤ ዓላማው ኩባንያዎቹ ይህን ገበያ በቁጥር እንዲያዩትና ጥቁር ድምፃውያንን እንዲቀዱ መገፋፋት ነበር። በነሐሴ 1920 ኦኬ ኩባንያ የማሚ ስሚዝን «ክሬዚ ብሉዝ» ቀዳ፤ ሸክላው በከፍተኛ ቁጥር ተሸጠ። በ1921 ሃሪ ፔስ «ብላክ ስዋን»ን አቋቋመ፤ ብዙም ሳይቆይ ሌሎቹ ኩባንያዎች ለጥቁር ገዢዎች የተለዩ ተከታታይ ሸክላዎችን ከፈቱ። ማስታወቂያውም ያን ጊዜ ወደ ንግድ መጽሔቱ ገባ።

እንግዲህ «ቶኪንግ ማሽን ወርልድ»ን ብቻ ተከትሎ የሚጻፍ ታሪክ ጥቁር አድማጭ በ1920 ተወለደ የሚል ይሆናል። የ1916ቱ ጋዜጣ ግን ማሽኑ ቀድሞም በቤታቸው እንደነበር፣ የሚፈልጉትንም ያውቁ እንደነበር ያሳያል። የመጽሔቱ ዝምታ የሚነግረን ስለ ሽያጭ አደረጃጀት ነው፤ ስለ አድማጭ መኖር አለመኖር ምስክር ሊሆን አይችልም። በአሜሪካ ሙዚቃ ታሪክ ላይ የተሠሩ ሥራዎች ይህን ዝምታ ለረጅም ጊዜ እንደ እውነታ ሲወርሱ ኖረዋል፤ ጉዳቱም ቀላል አልነበረም፤ ከዚያ በፊት የነበረው ማዳመጥ ከታሪኩ ወጥቶ ቀርቷልና።

መጽሔቱ ራሱ ከሬዲዮ ጋር ሲታገል ቆይቶ በ1929 አበቃ።

ስለ ፍለጋና ስለ በርሊን

ዛሬ የ«ቶኪንግ ማሽን ወርልድ» አብዛኞቹ ቅጾች በ«ሚዲያ ሂስትሪ ዲጂታል ላይብረሪ» በኩል በነፃ ይነበባሉ። ይህ ትልቅ ዕድል ቢሆንም የአንባብ ልማዳችንን ቀይሯል። በቃል ፍለጋ የሚሠራ ተመራማሪ የሚያገኘው ኮምፒዩተሩ ማንበብ የቻለውን ነው፤ ኮምፒዩተሩ በተሻለ የሚያነበው ደግሞ በመደበኛ ፊደል በተርታ የተጻፈውን ርእሰ አንቀጽ ነው። በጌጠኛ ፊደል የተጻፈ፣ በሥዕል የተከበበ ወይም ጎን ለጎን በጠባብ ዓምድ የታጨቀ ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። በዚህ ምክንያት መጀመሪያ ሊነበቡ ይገባሉ ያልናቸው ገጾች በፍለጋ ውጤት ውስጥ ከሁሉ ያነሰ ቦታ ይይዛሉ። አንድን ዓመት መርጦ ገጽ በገጽ ማንበብ አድካሚ ነው፤ ምትክ ግን የለውም።

ለኢትዮጵያ ሙዚቃ ተመራማሪ ከኒው ዮርኮቹ ይልቅ የሚቀርበው በርሊን ላይ ከ1900 ጀምሮ ይታተም የነበረው «ፎኖግራፊሼ ሳይትሽሪፍት» ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን ተልከው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀዱት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በነበሩት ዓመታት ነው፤ በዚያን ጊዜ የጀርመን ኩባንያዎች ለውጭ ገበያ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች ይቀዱ ነበር፤ መጽሔቱም የዚህ ዘርፍ መነጋገሪያ ነበር። እዚህም የመጀመሪያው መሰናክል የመፈለጊያ ቃል ነው። የዘመኑ የአውሮፓ ጽሑፎች አገራችንን በአብዛኛው የሚጠሩት አቢሲኒያ ብለው ነው፤ የሰዎቻችንን ስምም በጀርመን አፍ እንደተሰማው ይጽፉታል። ኢትዮጵያ በሚለው ቃል ብቻ የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ቢመለስ ከዚያ ተነሥቶ መረጃ የለም ለማለት አይችልም። ከስሙ ይልቅ የውጭ ገበያ ዜናዎችን፣ የአዳዲስ ሸክላ ማስታወቂያዎችንና የኩባንያዎቹን የቋንቋ ዝርዝር በየወሩ ተከትሎ ማንበብ የተሻለ መነሻ ነው።